ከደብረ ብርሃን ብርድ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት፦ የሞተር ሳይክል ካርቡራተር እንዴት ይስተካከላል?

ደብረ ብርሃን ላይ ልክ የነበረ ካርቡራተር፣ ማለትም አየርና ቤንዚን መጥኖ ለሞተሩ የሚቀላቅለው ክፍል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ልክ አይሆንም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ገደማ። የቆላው አየር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሞተሩ ብዙ አየር ይስባል፤ ደጋ ላይ የተመጠነለት ቤንዚን ያንሰዋል። ሙቀቱ አየሩን ስለሚያሳሳ ከልዩነቱ ሲሶ ያህሉን ይመልሳል፤ የቀረው ግን ሞተር ለመጉዳት አያንስም። ስለዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው ከፍታ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ፣ የነሐሴ እርጥበት ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ።

ነዳጅ የበዛበት ሞተር ያጨሳል፣ ጉልበት ያጣል፣ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል። ነዳጅ ያነሰው ግን ይግላል። እንደ ያማሃ ዲቲና ኤጂ 100 ባሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ላይ ደግሞ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ እስከ መጣበቅ ይደርሳል። ስትጠራጠሩ ወደ መብዛቱ አድሉ።

ካርቡራተሩን ከመንካታችሁ በፊት የአየር ማጣሪያውን ፊልትሮ እዩ። በበጋ አቧራ የታፈነ ፊልትሮ ነዳጅ የበዛበት ስለሚያስመስል፣ ብዙ ሰው ጤነኛውን ካርቡራተር ፈትቶ ያበላሻል። ስፖንጁን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ ዘይት አስነክታችሁ ጭመቁት። በቤንዚን አትጠቡት፤ ሙጫውን ይለቃል። የወረቀት ፊልትሮ ከሆነ አይታጠብም፣ ይቀየራል። ቀጥሎ ካርቡራተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ጎማ መርምሩ። ሞተሩ እየሠራ ዙሪያውን የሳሙና ውሃ ስትረጩ ድምፁ ከተለወጠ፣ አየር እየገባ ነውና ብሎን በማዞር አይድንም።

ከዚያ ችግሩ የትኛው ወገን እንደሆነ ለዩ። ነዳጅ መስጫውን ስትለቁ ዙሩ ቶሎ ካልወረደ፣ የጭስ መውጫው ማርሚታ የፍንዳታ ድምፅ ካሰማ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ያለ ቾክ (ለብርድ ማስነሻ ነዳጅ የሚያበዛው) አልሄድ ካለ፣ ነዳጅ አንሶታል። ሲሞቅ ከባሰበት፣ ከተተናነቀና ጥቁር ጭስ ካወጣ በዝቶበታል። በጣም ቀላሉ ፈተና በዝግታ እየሄዱ ቾኩን በትንሹ መሳብ ነው፤ ከተሻለው አንሶት ነበር፣ ከባሰበት በዝቶበት ነበር።

አሁን ወደ ትንሿ የመመጠኛ ብሎን። መጀመሪያ ያለችበትን እወቁ፦ በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ እስክትነካ እያጠበቃችሁ ዙሩን ቁጠሩና ጻፉ። አታስጨንቋት፤ ጫፏ እንደ መርፌ ስለሆነ ከተጫናችኋት ራሷም ይጎዳል፣ መቀመጫዋም ይሰፋል። ብሎኗ በፊልትሮው በኩል ካለች አየር ነው የምትመጥነው፤ ስትፈቷት ነዳጁ በአንጻሩ ያንሳል። በሞተሩ በኩል ካለች ቤንዚን ነው የምትመጥነው፤ ስትፈቷት ይበዛል። አብዛኛው ባለ ሁለት ምት የመጀመሪያው፣ አብዛኛው ባለ አራት ምት ሁለተኛው ዓይነት ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው የሚያደርገው ሁሉ የተገላቢጦሽ ይሆንበታል።

ብሎኗን ከተዘጋችበት አንድ ተኩል ዙር ፍቱና ሞተሩን አስነሱ፤ ለ10 ደቂቃ ያህል ነድታችሁ አሙቁት። ሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጥ የሚዞርበትን ዙር፣ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ከዚያ ብሎኗን በሩብ ዙር እያዞራችሁ በየጊዜው 10 ሰከንድ ያህል ጠብቁ። ሞተሩ ከሁሉ በላይ ፈጥኖና ሳይንገጫገጭ የሚዞርበት ቦታ ልኩ ነው፤ እዚያ ትታችሁ ሚኒሞውን መልሳችሁ ዝቅ አድርጉ። ልኩ የተገኘው ከ1 ዙር በታች ወይም ከ2 ተኩል በላይ ሆኖ ከሆነ ብሎኗ አትበቃም፤ ትንሹ ጄት፣ ማለትም ለሚኒሞው ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ ያለው ብሎን፣ መቀየር አለበት።

ብሎኗ የምትገዛው ግን ሚኒሞውንና የነዳጅ መስጫ እጀታውን የመጀመሪያ ሩብ ብቻ ነው። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ከእጀታው ጋር ከፍና ዝቅ የሚለው መርፌ ሥልጣን ነው። መርፌው ላይ ብዙ ጊዜ አምስት ጭረት አለ፤ መርፌውን የሚይዘው ክሊፕ መሃለኛው ላይ ይቀመጣል። ክሊፑን አንድ ጭረት ወደ ላይ ስትወስዱ መርፌው ይወርድና ነዳጅ ይቀንሳል፤ ወደ ታች ስትወስዱት ይጨምራል። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ለቀናት ከሆነ የምትወርዱት፣ አንድ ጭረት ወደ ታች ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ የሚገዛው ዋናው ጄት ነው፤ መሃሏ የተቀደደች የናስ ብሎን። ሸዋ ሮቢት ላይ 100 ቁጥር ልክ ከሆነ፣ ለደብረ ብርሃን 97.5፣ ካልበቃ 95 ሞክሩ። ኬሂንና ሚኩኒ የተባሉት የካርቡራተር አምራቾች ቁጥር አንድ ስላልሆነ አታቀላቅሉ። ጄትን በሽቦ የሚያጸዳ ሰው ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ናስ ለስላሳ ነው፤ በአየር ይነፋ። ለማረጋገጥ ዳገት ላይ ጥቂት መቶ ሜትር ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ንዱ፣ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ሲበርድ ካንዴላውን ፍቱ። ነጩ ክፍል የበሶ ቀለም ከያዘ ጥሩ ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ በዝቶበታል፤ ነጥቶ ከቀረ አንሶታል።

የበጋ ሌሊት ሲበርድ አየሩ ይጠቀጥቃል፤ በቀትር ተመጥኖ ልክ የሆነ ሞተር ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነዳጅ ያንሰዋል። መንዝና ጓሳ አካባቢ በማለዳ የምትነሱ፣ ማስተካከያውን በማለዳው ብርድ ሥሩት። በክረምት እርጥበቱ የሚያመጣው ለውጥ ከሩብ ዙር አይበልጥም፤ ዋናው ጠላት ውሃ ነው። የቤንዚን ቧንቧውን ዝጉና ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ፈትታችሁ በንጹሕ ሃይላንድ ተቀበሉ። ውሃ ካለ ከቤንዚኑ ሥር እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይታያል፤ እስኪጠራ አፍስሱ።

ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በባለ ሁለት ምት ሞተር ስትወርዱ፣ ነዳጅ መስጫውን ዘግታችሁ በማርሽ ብቻ ረጅም መንገድ አትውረዱ። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚገባ፣ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ የሚደርሰው ዘይት በጣም ትንሽ ነው። በየጥቂት መቶ ሜትሩ ፍሪሲዮን ያዙና ለአፍታ ነዳጅ ስጡት።