ማይሉ የት ገባ? የዘመዶቻችንን የክሬዲት ካርድ ቦነስ ከጅማ ሆነን ስንከታተል የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት አለኝ። ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ የዲቪ ፎርም እንሞላለን፣ የፓስፖርት ቀጠሮ እናስይዛለን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ሥራ ተጨመረ። አሜሪካ ያለ ልጅ ወይም እህት የስልኩን ስክሪን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰብ ይልካል። ቤተሰቡ እሱን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። «ካርድ ካወጣሽ ቲኬት በነፃ ታገኛለሽ ተብላ ነበር፤ እስካሁን የለም። እስቲ እየው» ይሉኛል።

መጀመሪያ ያየሁት የራሴን እህት ጉዳይ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አረጋውያንን ትንከባከባለች። ደሞዟ ትንሽ ነው። እናታችንን ካየች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን የያዝኩት የቤቴ ጉዳይ አድርጌ ነው።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ባንኮች አዲስ ክሬዲት ካርድ (ባንኩ ከፍሎልህ በኋላ ለባንኩ የምትመልስበት ካርድ) ለሚያወጣ ሰው ቦነስ ይሰጣሉ። «በሦስት ወር ውስጥ በካርዱ ይህን ያህል ዶላር ከገዛህ ይህን ያህል ሺህ ማይል እንሰጥሃለን» ይላሉ። ማይሉ በአውሮፕላን ቲኬት ይቀየራል። እኛ ጅማ ላይ የምንይዘው ኤቲኤም ካርድ ዴቢት ነው፤ የሚቆርጠው ከራሳችን ሂሳብ ላይ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው በአብዛኛው እዚያ ዘመድ ላላችሁ ነው።

«የተባለውን ያህል ገዛች፤ ቦነሱ ግን አልገባም»

ብዙ የሚመጣልኝ ይሄ ነው። እህቴም ላይ የደረሰው ይሄው ነው። የተጠየቀችው 3,000 ዶላር ነበር። ማታ 4 ሰዓት ላይ ደወለች። እሷ ዘንድ ገና ከሰዓት ነው፤ ከሥራ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣለች። የካርዱን የወር ሂሳብ መስመር በመስመር አነበበችልኝ፤ እኔ ወረቀት ላይ እደምራለሁ። አስቤዛ፣ ቤንዚን፣ ስልክ። ከዚያ «ለእማዬ የላኩት 200» አለች። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፤ 10 ዶላር ይላል። «እሱስ ምንድን ነው?» አልኳት። አላወቀችውም።

ምክንያቱ እዚያች መስመር ላይ ነበር። በክሬዲት ካርድ ሐዋላ ሲላክ ብዙ ባንኮች እንደ ግዢ አይቆጥሩትም። ካሽ አድቫንስ ይሉታል፤ ከባንኩ ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር ማለት ነው። ለዚያ የተለየ ክፍያ ይቆርጣሉ። ወለዱም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፤ እንደ ግዢ ፋታ የለውም። ለቦነሱ ደግሞ አንድ ዶላር እንኳ አይታሰብም። እህቴ በሦስት ወር ውስጥ ለቤት የላከችው 600 ዶላር ሁሉ ከቆጠራው ውጭ ሆነ። 3,000 ሞላ ያለችው 2,400 ብቻ ነበር።

ይሄ አንጀቴን ይበላኛል። የኛ ሰው ካርድ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስበው ለእናቱ መላክን ነው። መላኩ ይቀጥል፤ ግን ከባንክ ሂሳብ ወይም በዴቢት ካርድ ይሁን። ክሬዲት ካርዱ ለሱቅ፣ ለቤንዚንና ለስልክ ብቻ ይቀመጥ።

እህቴ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ስለነበር ደረስንላት። ወር በወር የምትከፍለውን የመኪና ኢንሹራንስ የቀጣዩን ስድስት ወር ባንድ ጊዜ በካርዱ ከፈለች። በዚያ ሰሞን የእቁብ ዕጣዋ ወጥቶላት ስለነበር የካርዱን ዕዳ በዚያው ሳምንት ዘጋችው። በትንሽ ገቢ ይህን ነገር ለሚሞክር ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ካርዱን የምታወጡበትን ጊዜ ከእቁባችሁ ተራና ቀድሞም ከማይቀር ትልቅ ወጪ ጋር አገናኙት። ቦነስ ለመሙላት ብሎ የማያስፈልግ ዕቃ መግዛት ግን ኪሳራ ነው።

ቦነሱ ካልገባ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ዓመታዊ ክፍያና ወለድ አይቆጠሩም። ዕቃ ከተመለሰ ዋጋው ይቀነሳል። ሦስት ወሩ የሚቆጠረው በአብዛኛው ካርዱ ከተፈቀደበት ቀን ነው። ፖስታው ቤት እስኪደርስ ያለው ቀንም ከዚያው ላይ ይሄዳል። ሁሉም ተሟልቶ ከሆነ ደግሞ ትንሽ መታገስ ነው፤ ቦነሱ የሚገባው ብዙ ጊዜ የወሩ ሂሳብ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ሳምንታት የሚወስድም አለ። ከሁሉ የሚሻለው በባንኩ አፕ መልእክት መጻፍ ነው፦ «የመጨረሻ ቀኔ መቼ ነው? ስንት ይቀረኛል?» መልሱን በጽሑፍ ያዙት።

«ማይሉ ገባ፤ ዕዳውም አብሮ አደገ»

ምክንያቱ በየወሩ የሚጻፈው ዝቅተኛ ክፍያ ነው። «ቢያንስ ይህን ያህል ክፈል» ይላል፤ ሰው ያቺን ከፍሎ የጨረሰ ይመስለዋል። አስሉት። 3,000 ዶላር ዕዳ በዓመት 24 በመቶ ወለድ ካለበት፣ የወሩ ወለድ ብቻ 60 ዶላር አካባቢ ነው። ዓመት ሲሞላ የቲኬቱ ትርፍ አብዛኛው ተበላ ማለት ነው። መፍትሄው የወሩን ጠቅላላ ዕዳ ከመክፈያው ቀን በፊት ሙሉውን መክፈል ነው። ከባንክ ሂሳብ በራሱ ጊዜ እንዲቆርጥ ማድረግም ይቻላል። ሙሉውን መክፈል የማይችል ሰው ይሄ ነገር አሁን አይሆነውም፤ ይቆየው።

አንድ ሐጂ ልጃቸው ሚኒሶታ ነው፤ «ወለድ ያለበት ነገር ውስጥ ገብቶ ይሆን?» ብለው ተጨንቀው መጡ። ሂሳቡን አይተን ልጁ በየወሩ ሙሉውን እንደሚከፍል፣ ወለድም እንዳልተቆረጠበት አሳየኋቸው። ውሉን መፈረሙ ራሱስ እንዴት ይታያል ለሚለው ግን ኡስታዛቸውን እንዲጠይቁ ነገርኳቸው። የኔ ሙያ አይደለም።

«ካርዱን ከለከሉት»

አዲስ በዲቪ የሄደ ሰው ክሬዲት ሂስትሪ፣ ማለትም ተበድሮ የመክፈሉ መዝገብ፣ የለውም። ባንኩ አያውቀውም፤ ነገሩ ይሄው ነው። መጀመሪያ 200 ወይም 300 ዶላር በመያዣ አስቀምጦ የሚወጣውን ካርድ ያውጣ። የስልክ ሂሳቡን ብቻ ይክፈልበት፤ በየወሩ ሙሉውን ይዝጋ። በጊዜው የሚከፍል ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ካለ በራሱ ካርድ ላይ የአዲሱን ሰው ስም ያስጨምርለት። ተከልክሎ በማግስቱ ሌላ ባንክ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ባንክ መሄድ ግን ይጎዳል፤ እያንዳንዱ ማመልከቻ በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓመት ይታያል።

«በረርኩ፤ ማይሌ አልተመዘገበም»

እዚህ ላይ ስማችን ራሱ ችግር ነው። እህቴ ሼባማይልስ በሚባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል አባልነት ስትመዘገብ በቤተሰብ ስም ቦታ የአባታችንን ስም ሞላች። ፓስፖርቷ ላይ እዚያ ቦታ ያለው የአያታችን ስም ነው። ቲኬቱ የተቆረጠው በፓስፖርቱ ነው። ሁለቱን ኮምፒውተሩ ሌላ ሰው አድርጎ ያያቸዋል። የፊደልም ጣጣ አለ። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በ«ቲ ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ።

መፍትሄው የአባልነቱን ስም ልክ በፓስፖርቱ እንደተጻፈው ማስተካከል ነው። ከዚያ ያለፈውን በረራ መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ የመሳፈሪያ ወረቀቱና የቲኬት ቁጥሩ ያስፈልጋሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬት ቁጥር በ071 ይጀምራል። የጥያቄው ጊዜ ገደብ ስላለው አታሳድሩት። ለእናቶች ሁሌ የምላቸው ነገር አለ፤ «እትዬ፣ ያቺን ቁራጭ ወረቀት አይጣሏት።» ከጅማ አዲስ አበባ የምትመላለሱም ብትሆኑ ምዝገባው በነፃ ነው። ቁጥራችሁን ቲኬት ስትቆርጡ ስጡ። ስንት ማይል እንደሚታሰብ ግን እንደ ቲኬቱ ዓይነት ይለያያል፤ ርካሹ ትንሽ ያስገኛል።

ሌላም ምክንያት አለ። ኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 ስታር አሊያንስ የሚባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት ገብቷል። የአሜሪካው ዩናይትድና ኤር ካናዳም እዚያ ውስጥ ናቸው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ በርራችሁ ማይሉን ዩናይትድ ጋ ማስመዝገብ ትችላላችሁ፤ ግን አንድ በረራ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚመዘገበው፤ የየአየር መንገዱ ማይል ደግሞ አይደመርም። እህቴ ግማሹን ሼባማይልስ፣ ግማሹን ዩናይትድ አድርጋው ሁለቱም ለቲኬት አልበቁም ነበር። የካርዷ ቦነስ የሚገባው ዩናይትድ ስለሆነ በረራዋንም ወደዚያ አዞርነው።

«ማይል አለ፤ ወንበር የለም»

አየር መንገዱ ለማይል የሚለቀው ወንበር የተወሰነ ነው። ለገናና ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት ደግሞ ሁሉም ሰው አገር ቤት መግባት ይፈልጋል። ስለዚህ በዓሉን ሳይሆን እናትን አስቡ። ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት ወይም በኅዳር መምጣት ይቀላል። ኅዳር የቡና ለቀማው ጊዜ ነው፤ ጅማም ያኔ ታምራለች። ከዋሽንግተን ከታጣ ከኒውርክ ፈልጉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። አንዳንድ ካርድ ማይል ሳይሆን የባንኩን ነጥብ ነው የሚሰጠው፤ ወደ አየር መንገድ የምታሻግሩት እናንተ ናችሁ። ወንበሩን በዓይናችሁ ሳታዩ አታሻግሩ። አንዴ ከሄደ አይመለስም።

«ነፃ ተብሎ ገንዘብ ጠየቁን»

የማይል ቲኬትም የኤርፖርት ታክስና ሌሎች ክፍያዎች አሉት። ማጭበርበር አይደለም። ማይል ከማውጣታችሁ በፊት ግን ይህን አስሉ፦ ቲኬቱ በገንዘብ 1,200 ዶላር ቢሆን፣ በማይል ደግሞ 80,000 ማይልና 150 ዶላር ቢጠይቅ፣ ያተረፋችሁት 1,050 ነው። ለ80,000 ሲካፈል አንድ ማይል 1.3 የዶላር ሳንቲም አወጣ። ከአንድ ሳንቲም በታች ከወረደ ቲኬቱን በገንዘብ ግዙና ማይሉን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

«አዲስ አበባ ደረሰች፤ ሻንጣው ግን አስከፈላት»

ይሄ የጅማ ሰው ችግር ነው። ከአሜሪካ በኢኮኖሚ ሲመጣ ብዙ ጊዜ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዳሉ። የሀገር ውስጡ የሚፈቅደው ግን ከዚህ ያነሰ ነው። የጅማው ቲኬት ለብቻ ከተቆረጠ ትርፉን ኪሎ ቦሌ ላይ ትከፍላላችሁ። ወይም ሻንጣው አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቀርቶ 350 ኪሎ ሜትሩን በመኪና ይመጣል። የእህቴ አንዱ ሻንጣ እንዲያ ነው የመጣው፤ ለእማዬ የገዛችው የጉልበት መድኃኒትና ጫማ እሱ ውስጥ ስለነበር አራት ቀን ጠበቅነው።

መፍትሄው ከመጀመሪያው እስከ ጅማ አንድ ቲኬት ማድረግ ነው። ሲፈልጉ መድረሻው ላይ አዲስ አበባን ሳይሆን ጅማን ይጻፉ። በማይል ካልተገኘ ደውለው ይጠይቁ። ለየብቻ መቁረጥ የግድ ከሆነ ደግሞ ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጣ ሰው በሀገር ውስጥ ቲኬት የሚያገኘው ቅናሽ መኖሩን ይጠይቁ፤ የሻንጣውንም ኪሎ አብረው ይጠይቁ። የመረጡትን በረራ የስክሪን ፎቶ አንስተው ወደ እኔ ይላኩት። የመጨረሻው መስመር ላይ ጅማ የሚል ካላየሁ ከመክፈላችሁ በፊት እነግራችኋለሁ።