ሲያድር ባትሪው የሚያልቅ መኪና፦ ሌባውን ሽቦ መፈለግ

አዲስ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። መኪናው ካደረ በኋላ ቴስተሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) 12.6 ቮልት ካነበበ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ዳይናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል ወይም ዳይናሞው ባትሪውን አይሞላም። በባሕር ዳር ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ድልድይ ባለው አጭር መንገድ ብቻ የሚመላለስ መኪናም ለማስነሳት ያወጣውን ኃይል ሳይመልስ ይጠፋል። የከተማዋ ሙቀት ደግሞ ባትሪን ቶሎ ያስረጃል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ባትሪውን የሚበላ ነገር አለ። ቁልፉን ያውጡ፣ በሮቹን ይዝጉ፣ የኔጌቲቩን ገመድ ይንቀሉ፤ ቴስተሩን በ10 አምፔር ቀዳዳ ሰክተው በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል ያስገቡ። በዚህ ሁኔታ ሞተር ለማስነሳት አይሞክሩ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ዘመናዊ መኪና እስኪተኛ (ኮምፒውተሮቹ እስኪጠፉ) ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ቸኩሎ ማንበብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው።

ከ50 ሚሊአምፔር በታች ጤናማ ነው። 300 ከሆነ በቀን ከ7 አምፔር ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በአራት ቀን ይጋመሳል።

አሁን ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ። ንባቡ በድንገት የወረደበት መስመር ነው ጥፋተኛው። በኋላ የተገጠመ ቴፕ፣ አላርም ወይም ጂፒኤስ መጀመሪያ ይጠርጠር፤ የማይጠፋ የኮፈን ወይም የሻንጣ መብራትም አለ። በየትኛውም ፊውዝ ካልወረደ ኔጌቲቩን ሙሉ በሙሉ ለይተው የዳይናሞውን ወፍራም ሽቦ ይንቀሉ፣ ጫፉን በኤሌክትሪክ መጠቅለያ ፕላስተር ይጠቅልሉና ቴስተሩን እንደ በፊቱ መልሰው ድጋሚ ይለኩ። ከወረደ የዳይናሞው ዳዮድ (ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ እንዳይፈስ የሚከለክለው ክፍል) ተበላሽቷል።