ብዙ የሄደች መኪና ሞተር፦ የቱ ይቅደም?

መኪናዬ 280,000 ኪሎ ሜትር አልፋለች። ሞተሯ ለእድሳት ወርዶ (ተፈትቶ) አያውቅም፤ እንዲወርድም አልፈልግም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ሁሌ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይሄ ዕቃ ቢበላሽ መኪናዋን ብቻ ነው የሚያቆማት ወይስ ሞተሩንም ይዞ ይሄዳል? ዲናሞ ቢበላሽ መንገድ ላይ ትቆማላችሁ። ያናድዳል፣ ግን ተቀይሮ ጉዞ ይቀጥላል። ታይሚንግ ቺንጊያ፣ ማለትም የሞተሩን የአየርና የጭስ በሮች (ቫልቮች) ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ፣ ሲበጠስ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሞተራችሁ ቺንጊያ ይኑረው ወይስ ሰንሰለት፣ ከመኪናው መመሪያ ላይ አረጋግጡ። ቺንጊያ ከሆነ እንደ ሞተሩ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ90,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየራል። የዓመት ገደብም አለው፤ ጎማ ስለሆነ ቆማ በምትውል መኪና ላይም ያረጃል። በብዙ ሞተሮች ቺንጊያው ሲበጠስ ፒስተኑ ያልተዘጋውን ቫልቭ ይመታዋል። ቫልቭ ይጣመማል፣ ቴስታታ (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ይወርዳል። ከመበጠሱ በፊት ደግሞ ምንም ድምፅ ላያሰማ ይችላል። ያገለገለ መኪና ስትገዙ "በቅርቡ ተቀይሯል" ከተባላችሁ ደረሰኝ ጠይቁ። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። እኔ በዚህ አልደራደርም።

ሲቀየር መወጠሪያውና ቺንጊያው የሚሄድባቸው ኩሽኔታዎችም አብረው ይቀየሩ። የውሃ ፓምፑ በዚያው ቺንጊያ የሚዞር ከሆነ እሱም ይጨመር። እዚያ ለመድረስ የሚፈታው ዕቃ ያው ነው፣ ሁለቴ የእጅ መክፈል የለባችሁም። ደግሞም ያረጀው ፓምፕ ቢነክስ (መዞር ቢያቆም) አዲሱን ቺንጊያ ሊበጥሰው ይችላል። ሰንሰለት ያለው ሞተር ረጅም ዕድሜ አለው፣ ዘይቱ በሰዓቱ ከተቀየረ። ጠዋት ሲነሳ ከፊት በኩል የሚንቋቋ ድምፅ ከሰማችሁ ግን ቶሎ አሳዩት።

ቀጥሎ ሙቀት ነው። አንድ ጊዜ ከልክ በላይ የሞቀ ሞተር ቴስታታው ሊጣመም፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ (ጋርኔሲዮን) ሊቃጠል ይችላል። ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩን የውሃ ቱቦ (ማኒኮቶ) ጫፉ ላይ፣ ማሰሪያው አጠገብ፣ በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ካበጠ፣ ከተልፈሰፈሰ ወይም ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ ቀይሩት። ርካሽ ዕቃ ነው። ራዲያተር ውስጥ ተራ ውሃ ብቻ አትሙሉ፤ ዝገትና ደለል ያመጣል፣ የሚፈላውም ቶሎ ነው። በመመሪያው የተጻፈውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ (ኩላንት) ተጠቀሙ። የሙቀት ጌጁ ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ "ትንሽ ልንዳና ልድረስ" የሚባል ነገር የለም። ዳር ይዛችሁ አጥፉት።

ቤንዚኑን በብልጭታ በሚያቀጣጥለው ካንዴላ ላይ ብዙ አልልም፤ በጊዜው ይቀየር። የሚያንቀጠቅጥ ሞተር ይዞ መሄድ ያልተቃጠለ ቤንዚን የጭሱን መርዝ ወደሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይልካል፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው።

ሰው ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚያወጣው በዘይት ጉዳይ ነው። ሞተሩ ዘይት ይበላል ሲባል ወዲያው "ፋሻ ይቀየር" ይባላል፤ ፋሻ ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት ነው። ቆይ! መጀመሪያ ለኩት። ሜዳ ቦታ ላይ አቁማችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ ጥረጉት፣ መልሳችሁ እስከ ታች ክተቱት፣ ከዚያ አንብቡት። በብዙ መኪኖች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ወደ 1 ሊትር ይጠጋል። የጨመራችሁትን ከኪሎ ሜትሩ ጋር ጻፉት። ፍጆታው ትንሽና ሁሌ ተመሳሳይ ከሆነ እየጨመራችሁ ንዱ። በድንገት ከጨመረ ግን ምክንያቱ ይፈለግ።

ፍለጋው ከቀላሉ ይጀምር። የቫልቭ ክዳኑ ጋርኔሲዮን ያልባል? የሞተሩን ትንፋሽ የሚያስወጣው ፒሲቪ ቫልቭ ተደፍኗል? እሱ ሲደፈን ግፊት ይጠራቀምና ዘይት እንዳይወጣ በሚይዙት ማሸጊያ ጎማዎች (ኦይል ሲሎች) በኩል ይወጣል። ዋጋው ከሞተር ማውረድ ጋር አይወዳደርም። ሞተር ማጠቢያ የሚባለውን ኬሚካል ታሪኩን በማላውቀው ሞተር ላይ አላስጨምርም፤ የተላቀቀው ቆሻሻ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ሊደፍነው ይችላል። ከዚያ ይልቅ ዘይትና ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ ብትቀይሩ ይሻላል።

"ሞተሩ ይውረድ" ከተባላችሁ መጀመሪያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ አስለኩ። የሲሊንደሮቹ የግፊት ልክ ከተቀራረበና ከመመሪያው ዝቅተኛ ልክ በላይ ከሆነ በኮምፕሬሽን በኩል ለማውረድ የሚያበቃ ምክንያት አልተገኘም ማለት ነው። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ይጨመርበትና እንደገና ይለካ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥርጣሬው ፋሻ ላይ ነው። ካልተነሳ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጋርኔሲዮን ይሆናል፤ ያኔ ቴስታታውን ብቻ አውርዶ መሥራት ሊበቃ ይችላል።