በኤፍጂኤፍ-2 ላይ የተለጠፈ ሁሉ አጋሩ አይደለም

ሐዋሳ ሆናችሁ ለማስተርስ ፕሮፖዛላችሁ «ኤፍጂኤፍ-2ን ሴል ውስጥ የሚይዙ ፕሮቲኖችን መለየት» ብላችሁ ከሆነ፣ ሪኤጀንት ከማዘዛችሁ በፊት ይህን እዩ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በቶሎ አይደርስም፤ አንዴ ከተሳሳታችሁ ወራት ይበላባችኋል። ኤፍጂኤፍ-2 ሴልን የሚያሳድግ ፕሮቲን (የዕድገት ፋክተር) ነው፤ አጋሮቹን ለማግኘት ቢድ በሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎች ላይ ይታሰራል ወይም በአንቲቦዲ ይያዛል፣ ከዚያ ከፈረሰ ሴል ፈሳሽ (ላይሴት) ውስጥ አብሮት የተያዘው ይወጣል። በዚህ ሥራ የሚታዩት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ባዶ ቢድን በቂ ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ) ማድረግ። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ይህ የዕድገት ፋክተር ፖዘቲቭ ቻርጅ የበዛበት ነው፤ ሄፓሪን ከተባለው ኔጋቲቭ ቻርጅ ካለው ስኳራማ ሞለኪውል ለማላቀቅ 1.5 ሞላር ገደማ ጨው ይጠይቃል። ሴሉ ሲፈርስ ዲኤንኤውም አርኤንኤውም ይለጠፍበታል፤ አርኤንኤው ደግሞ ፕሮቲን የሚሠራውን ሪቦዞም ጎትቶ ያመጣል። ባዶ ቢድ ይህን ጉድ አያሳይም። እኔ የምመርጠው ላይሶዛይም የታሰረበት ቢድ ነው፦ እሱም ፖዘቲቭ ነው፣ ከእንቁላል ነጭ የሚወጣ ርካሽ ፕሮቲን ነው፣ ከኤፍጂኤፍ ሥራ ጋር ግን አይገናኝም። በሁለቱም ላይ እኩል የመጣን ባንድ (ጄል ላይ የሚታይ የፕሮቲን መስመር) አትመኑ። ላይሴቱንም አስቀድማችሁ በኑክሊዬዝ (ዲኤንኤና አርኤንኤ በሚቆርጥ ኢንዛይም) አጽዱት። ይሁንና ሪቦዞም ባያችሁ ቁጥር «ቆሻሻ ነው» ብላችሁ አትጣሉ፤ አርፒኤስ19 የተባለው የሪቦዞም ፕሮቲን ራሱ ከኤፍጂኤፍ-2 ጋር እንደሚያያዝ ታውቋል።

አንቲቦዲውን እንደ ግኝት ማየት። በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በአንቲቦዲ በሚለይ ዘዴ) 25 ኪሎዳልተን አካባቢ የሚደምቀው ባንድ ብዙ ጊዜ የአንቲቦዲው ቀላል ሰንሰለት (ትንሹ ክፍሉ) ነው። ትልልቆቹ የኤፍጂኤፍ-2 ዓይነቶች ከ22 እስከ 24 ኪሎዳልተን ስለሆኑ ዓይን በቀላሉ ይታለላል። ፕሮቲኑን ከላይሴት ለማውጣትና በብሎት ለመለየት ከተለያየ እንስሳ የተገኙ አንቲቦዲዎች ተጠቀሙ።

የትኛውን ኤፍጂኤፍ-2 እንደተጠቀሙ አለመጻፍ። ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው ባለ 18 ኪሎዳልተኑ ነው፤ ትልልቆቹ ግን ኒውክለስ ውስጥ መክረም ይቀናቸዋል፣ አጋራቸውም ይለያል። ትራንስሎኪን የተባለው ፕሮቲን ለምሳሌ የሚይዘው ባለ 18ቱን ነው።

በቱቦ ውስጥ ተገናኙ ማለት በሴል ውስጥ ይገናኛሉ ማለት እንዳይመስላችሁ። ሴሉን ስታፈርሱት በሕይወት ሳለ ተያይተው የማያውቁ ፕሮቲኖች ይደባለቃሉ። ቢያንስ ባልፈረሰ ሴል ውስጥ አንድ ቦታ መዋላቸውን በማይክሮስኮፕ አሳዩ።

የቀሩት የጥንቃቄ ጉዳዮች ናቸው። ፒኤምኤስኤፍ (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን የሚያግድ ኬሚካል) ውሃ ውስጥ ቶሎ ኃይሉን ያጣል፤ ሥራ ልትጀምሩ ስትሉ ጨምሩት። መብራት ሄዶ ማቀዝቀዣ ያለው ሴንትሪፊውጅ ቢቆም ናሙናው በረዶ ላይ ይቆይ። ለማስ ስፔክትሮሜትሪ (ፕሮቲኖችን በክብደታቸው ለሚለይ ምርመራ) የሚላከውን ጄል ደግሞ ያለ ጓንት አትንኩት፤ አለዚያ ከውጤቱ ዝርዝር አናት ላይ የምታገኙት የራሳችሁን ቆዳ ኬራቲን ነው።