ንብ የሰፈረበት ሳምንት፦ የኖሩበትን ሥራ ለመተው ልብንና ምልክትን እንዴት ማድመጥ ይቻላል?

መስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። እሠራበት በነበረው የባንክ ቅርንጫፍ ግቢ ካለው ዛፍ ላይ የንብ መንጋ ሰፈረ። ጥበቃዎቹ በጭስ ሊያባርሩት ሲሯሯጡ እኔ በመስኮት እያየሁ እንባዬ መጣ። በዚያው ሳምንት ታላቅ ወንድሜ ከሆለታ ደውሎ፣ ለስድስት ዓመት ባዶውን በተሰቀለው የሟች አባታችን ቀፎ ንብ እንደገባበት ነገረኝ። እናቴ «ገድ ነው ልጄ» አለች። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ገንዘብ ስቆጥር የኖርኩት እኔ ግን ማመን ፈራሁ።

የለመዳችሁትን መንገድ ለመተው የምታስቡ ካላችሁ፣ ያን ጊዜ የጠቀመኝን ልንገራችሁ።

ግጥምጥሞሹን ለማንም ከማውራታችሁ በፊት ከነቀኑ ጻፉት፤ ወሬ በተደጋገመ ቁጥር ይሰባል። ከምኞታችሁ ጋር የሚጋጨውንም አብራችሁ ጻፉ። እኔ በዚያው ወር የደረጃ ዕድገት ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። እሱስ ምልክት አይደለም ያለው ማን ነው?

ቀጥሎ የተፈጥሮ ምክንያቱን ፈልጉ። ክረምት ወጥቶ አደይ አበባና ኑግ ሲያብቡ ንብ ይበዛል፤ መንጋ ተከፍሎ አዲስ ማደሪያ ይፈልጋል። በመስከረም መንጋ ማየት ብርቅ አይደለም። ይህን ማወቄ ግን ነገሩን አላረከሰብኝም። የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ገጠመኙን ይተርካል፦ ታካሚው በሕልሟ ያየችውን የወርቅ ጥንዚዛ ስትነግረው፣ አንዲት ጥንዚዛ መስኮቱን መታች፤ ይዞ ሰጣት። እኔን የሚገርመኝ የጥንዚዛዋ መምጣት ሳይሆን በዚያች ቅጽበት በሴትዮዋ ውስጥ የተነካው ነገር ነው። የእኛን ግቢ መንጋ ሃያ ሰው አይቶታል፤ ያለቀስኩት እኔ ብቻ ነኝ። እናንተም ምልክቱን ከመመርመር ይልቅ፣ ሲመጣ ሰውነታችሁ ምን እንዳደረገ አስታውሱ።

ከዚያ ልባችሁ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ ለዩ። ለእኔ ከሁሉም የከበደው ይህ ነበር። ጣቶቼ ሐሰተኛ ብር ዓይኔ ሳያየው ይለያሉ፤ ስንት ዓመት ስለዳሰሱ ነው። ስለዚህ ልቤ «እዚህ ቤት ያለሽ ጊዜ አብቅቷል» ሲለኝ አመንኩት፤ የኖረበትን ነገር ነው የነገረኝ። «ሃያ ዘመናዊ ቀፎ ግዢ» ሲለኝ ግን አላመንኩትም። ስለ ንብ ምን ዓይቶ ያውቃል? ሁለት ብቻ ገዛሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሆለታ እየተመላለስኩ ከንብ አናቢዎች ጋር ዋልኩ። መጋቢት ላይ አበባው ሲደርቅ የአንዱ ቀፎ ንብ ጥሎ ጠፋ። ያን ዕለት ባዶውን ቀፎ ከፍቼ ቁጭ ብዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ሌላ ቢኖረኝ ኖሮ እያልኩ አሰብኩ።

ድካምን ከልብ ድምፅ ለመለየት ደግሞ የዓመት ፈቃድ ውሰዱ። ድካም ከሆነ እንቅልፍ ያበርደዋል። እኔ ከአሥራ አምስት ቀን ዕረፍት በኋላ ደብተሬን ስከፍት ያንኑ «እዚህ ቤት ያለሽ ጊዜ አብቅቷል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ቁጣ፣ ደግሜ ጻፍኩ።

ገንዘቡን በአጭሩ፦ የስምንት ወር ወጪ ሳላስቀምጥ አልወጣሁም። በግል ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጡ። ያቺን ወር አታባክኑ፤ ሥራውን ለሚረከበው ሰው በደንብ አስረክቡ፣ ደንበኞችን ተሰናበቱ።

የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ያስገባሁት ከመንጋው አንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ቀፎ አለኝ። የአባቴን ቀፎ ማር ግን ወንድሜ ሳይኖር አልቆርጥም።