ሳጂና ካክ፦ የባሉቾችን የበግ ጥብስ በጨው፣ በእንጨትና በድንጋይ እንዴት እንሠራለን?

ለዚህ ምግብ ድስት አያስፈልግም። ምጣድም፣ ዘይትም፣ ሽንኩርትም አያስፈልግም። በርበሬውን ለዛሬ እዚያው ዕቃው ውስጥ ተዉት። የሚፈለገው በግ፣ ጨው፣ ዱቄት፣ እንጨት፣ ድቡልቡል ድንጋይና ግማሽ ቀን ነው።

ጥብሱ ሳጂ ይባላል። አብሮት የሚበላው ዳቦ ደግሞ ካክ። ሁለቱም የባሉቾች ናቸው። ባሉቾች አገራቸው ለሦስት የተከፈለ ሕዝብ ናቸው። ትልቁ ክፍል ፓኪስታን ውስጥ ነው፤ ዋና ከተማው ኩዌታ። ሌላው ኢራን ውስጥ፣ ዛሂዳን ከተማ ያለችበት ክፍለ ሀገር ነው። የቀረው ደቡብ አፍጋኒስታን ነው። ማስካት ወይም ዱባይ የሠራችሁ ደግሞ ሳታውቋቸው አትቀሩም። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ያለችው የባሉቾች ወደብ ጓዳር እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ድረስ በኦማን እጅ ነበረች። የኦማን ሱልጣኖችም ከባሉቾች ብዙ ወታደር መልምለዋል። ባሕሩን ተሻግረው እዚያው የቀሩት ቀላል አይደሉም። ባለሱቁ ወይም የፎቁ ዘበኛ ባሉች ሆኖ፣ እናንተ ዐረብ መስሏችሁ ይሆናል።

አብዛኛው ባሉች ድሮ በግ፣ ፍየልና ግመል አርቢ ነበር። ከፍየል ፀጉር በተሠራ ጥቁር ድንኳን እየኖረ ከሣር ወደ ሣር ይዞራል። ምግቡን ከዚህ ነው መረዳት ያለባችሁ። ግመሉ ላይ የሚጫነው ዱቄትና ጨው ነው። በጉ በእግሩ ይሄዳል። እንጨቱና ድንጋዩ መንገድ ላይ አለ።

ሥጋው

ሙሉ በግ ያምራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አትድፈሩት። ሁለት ታፋ ግዙ፣ እያንዳንዱ 2 ኪሎ ያህል የሚመዝን። ለስድስት ሰው ይበቃል፤ ይተርፋል እንጂ። የጠቦት ቢሆን ይመረጣል። ስቡን አታስገፍፉ፣ ሥጋውን ከእሳት የሚጠብቀው እሱ ነው።

በስለታም ቢላ እስከ አጥንቱ ድረስ ወጋ ወጋ፣ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጉት። በስንጥቆቹ መካከል ሦስት ጣት ያህል ተዉ። ለአንድ ታፋ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ላዩን ብቻ አትነስንሱ፣ በጣታችሁ ስንጥቁ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ለሦስት ለአራት ሰዓት ተዉት። ማታ ጨምራችሁበት ፍሪጅ ውስጥ ቢያድርም ጥሩ ነው።

ቅመሙ በቃ ይኸው ነው። በከተማ ሥጋው እንዲለሰልስ ያልበሰለ ፓፓያ ፈጭተው የሚቀቡ አሉ። ካራቺና ላሆር በሚባሉት የፓኪስታን ከተሞች ደግሞ ዶሮ በሩዝ ሞልተው "ሳጂ" ብለው ይሸጣሉ። አይጣፍጥም አልልም። የእረኛው ሳጂ ግን አይደለም። አንድ ወዳጄ ሚጥሚጣ በኪሱ ይዞ መጥቶ ሳላየው ሊነሰንስበት ሲል ያዝኩት። ሚጥሚጣው እሳት ላይ ሦስት ሰዓት ቢቆይ አርሮ ነበር የሚመረው። የግድ ካላችሁ ሲበላ በጎን አቅርቡት።

እንጨቱና እሳቱ

ሁለት ዓይነት እንጨት ያስፈልጋል። አንዱ ለሥጋው መሰኪያ፣ አንዱ ለማገዶ።

መሰኪያው እርጥብ ይሁን፤ ደረቅ ከሆነ ሥጋው ሳይበስል እሱ ይነዳል። ከአውራ ጣት ወፈር ያለ፣ አንድ ሜትር ከሩብ የሚረዝም ዱላ ቁረጡና ሁለቱንም ጫፍ ቅረጹ። የወይራ ቅርንጫፍ ቢሆን ግሩም ነው። የማታውቁትን ዛፍ ግን አትንኩ፣ መርዘኛ አለ። ዱላውን በአጥንቱ ጎን ሰንጥቃችሁ አሳልፉት። ከዚያ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አግድም ወግታችሁ ሥጋው ተዘርግቶ እንዲቆም አድርጉ። ይህን ከዘለላችሁ ሲሞቅ ይኮማተርና መሐሉ ጥሬ ይሆናል።

ለማገዶ ግራር ወይም ወይራ። ባሕር ዛፍ አይሆንም፤ ሽታው ሥጋው ውስጥ ይገባል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ሳጂ እሳት ላይ አይጠበስም፤ እሳት አጠገብ ነው የሚጠበሰው። ዱላዎቹ መሬት ላይ ይተከላሉ፣ እሳቱን ከበው ወደ እሱ ትንሽ ዘንበል ብለው። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሊሞቁ የተሰበሰቡ ሰዎች ይመስላሉ። ስቡ ሲቀልጥ የሚንጠባጠበው መሬት ላይ እንጂ ፍም ላይ ስላልሆነ ነበልባል አይነሳም፣ ሥጋውም ጥቀርሻ አይለብስም።

መጀመሪያ እሳቱን ለአንድ ሰዓት አንድዱት። ነበልባሉ ወርዶ ፍሙ ሲበዛ ዱላዎቹን ትከሉ። ርቀቱን በሜትር አትለኩ፣ በእጃችሁ ለኩት። መዳፋችሁን ሥጋው በሚቆምበት ቦታ ዘርጉና ቁጠሩ። አምስት ወይም ስድስት ላይ እጃችሁን ከሰበሰባችሁ ልክ ነው። ሁለት ላይ ከሸሻችሁ በጣም ቀርቧል። አስር ከደረሳችሁ ሥጋው ፀሐይ እየሞቀ ነው ማለት ነው።

እኔ የመጀመሪያ ቀን ቸኮልኩ። ቅርብ ተከልኩት። በአርባ ደቂቃ ላዩ እንዴት ያለ ወርቅ መሰላችሁ! ቢላ ስሰድበት ውስጡ ደም ነው። እንግዶቼ የበሉት ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አንዷ እስካሁን ታነሳብኛለች።

መጀመሪያ የአጥንቱን ወገን ወደ እሳቱ አዙሩ። በየሃያ ደቂቃው ገልብጡ። ማገዶ ስትጨምሩ መሐል ላይ ጨምሩ፤ ሲነድ ፍሙን በዱላ ወደ ሥጋው ጠጋ አድርጉ። ነፋስ ካለ ነፋሱ ሙቀቱን በሚገፋበት በኩል ያለው ታፋ ቶሎ ስለሚበስል ቦታ አቀያይሩ። ባለ 2 ኪሎው ታፋ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። መድረሱን የቅልጥሙ ጫፍ ይነግራችኋል። ሥጋው ወደ ላይ ሸሽቶ አንድ ጣት የሚያህል ነጭ አጥንት ብቅ ይላል። ወፍራሙ ቦታ ላይ ስትወጉት የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ማለት አለበት። ቴርሞሜትር ያለው ሰው አጥንቱን ሳያስነካ ይውጋና 70 ዲግሪ ማለፉን ይይ።

ሦስቱን ሰዓት ምን እናድርግበት?

ስልክ አታውጡ። ባሉቾች ለዚህ ጊዜ "ሃል" የሚሉት ነገር አላቸው። እንግዳ ሲመጣ ይቀመጣል፣ ውሃ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ሃል ይጠየቃል። ከየት እንደመጣ፣ መንገድ ላይ ማንን እንዳገኘ፣ የት እንደዘነበ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ፣ ገበያው እንዴት እንደሆነ በተራ ይናገራል። ሌላው አያቋርጠውም። እሱ ሲጨርስ ባለቤቱ በፋንታው የራሱን አገር ወሬ ይሰጣል። የአፋርን ዳጉ የምታውቁ ሰዎች አሁን ፈገግ ብላችኋል። ጋዜጣና ሬዲዮ በሌለበት በረሃ ወሬ እንደ ውሃ ነው፤ ይዘህ ካለፍክ ማካፈል ግዴታህ ነው።

ሞክሩት። አንድ ሰው ሳይቋረጥ አሥር ደቂቃ ያውራ። ለእኛ ከባድ ነው፤ ጣልቃ መግባት እንወዳለን።

ወሬው ካለቀ ተረኩ አለ። የባሉች ታሪክ በአብዛኛው ግጥም ነው፤ ሲዜም የኖረ። ከሁሉ የታወቀው የሪንድና የላሻር ጎሣዎች ጦርነት ነው፣ ከ500 ዓመት በፊት ገደማ የሆነ። እንደ ትረካው ጎሃር የምትባል ባለብዙ ግመል ሴት የላሻሩን አለቃ ጓህራምን አላገባም ብላ ሄዳ የሪንዱን አለቃ ሚር ቻካርን ተጠጋች። አንድ ቀን የላሻር ጎረምሶች ግልገል ግመሎቿን ገደሉ። ቻካር የግመሎቹ ጡት ወተቱን መሬት ላይ ሲያፈስ አየና "ምነው?" አለ። የሚጠባ ግልገል የለማ! በአንዲት የተጠጋች ሴት ግመሎች ምክንያት ሁለቱ ጎሣዎች ሠላሳ ዓመት ተዋጉ ይባላል። በባሉች ደንብ፣ ማያር በሚሉት፣ ጥገኛን መንካት ባለቤቱን መንካት ነው። እንግዳም እንደዚያው። ሳጂ ለእንግዳ የሚታረደው ለሆድ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ካኩ

ሥጋው ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው ወደ ዳቦው ዙሩ።

ድንጋዮቹን ግን ቀደም ብላችሁ ፍሙ ውስጥ መቅበር አለባችሁ። ለአንድ ዳቦ አንድ ድንጋይ፣ ጡጫ የሚያህል፣ ድቡልቡል፣ ስንጥቅ የሌለው። አደራ፣ ከወንዝ ውስጥ አታንሱ! ውስጡ ውሃ ያዘለ ድንጋይ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ደረቅ ቦታ የከረመ ፈልጉና ቀስ በቀስ አሙቁት።

ለስድስት ዳቦ 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ። ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩት። ለስላሳ ሊጥ ድንጋዩ ላይ አይቆምም፣ ይንሸራተታል። ሸፍናችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት።

ከዚያ ለስድስት ክፈሉና እያንዳንዱን ግማሽ ጣት በሚያህል ውፍረት ዳምጡት። ድንጋዩን በጉጠት አውጡ፣ አመዱን እፍ በሉበት፣ ሊጡ መሐል አስቀምጡት። ጭስስስ ይላል። ቶሎ ብላችሁ ጠቅልሉና ጫፎቹን ቆንጥጣችሁ ግጠሙ። እጃችሁን ዱቄት አስነኩ፣ ድንጋዩ ራሱን እንዳትነኩት ተጠንቀቁ። ኳስ የመሰለውን ነገር ፍሙ ዳር፣ ሥጋው ሥር አስቀምጡትና እያገላበጡ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ። ከውስጥ ድንጋዩ፣ ከውጭ ፍሙ ይጋግረዋል። ስታንኳኩት እንደ ባዶ ቅል ከጮኸ ደርሷል።

"ይሄማ ብርኩታ ነው!" ያለ ሰው ካለ አልተሳሳተም። ከዳሎል አካባቢ በግመል ጨው የሚያወጡት ነጋዴዎች መንገድ ላይ የሚጋግሩት ብርኩታም በጋለ ድንጋይ ላይ የተጠቀለለ ሊጥ ነው። ማን ከማን ተማረ ብሎ መከራከር አያስፈልግም። ግመል፣ ዱቄትና ድንጋይ ኖሮህ ምጣድ ከሌለህ የትም ብትሆን እዚሁ ትደርሳለህ።

ካኩ ላዩ ደረቅ ነው፣ ጥርስ ይፈትናል። እንደዚያ መሆን አለበት። ከፈት አድርጋችሁ ድንጋዩን በጉጠት አውጡ። በእጅ የሞከረ አይቼ ስለማውቅ ነው።

አቀራረብ

መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፉ። ታፋውን ከነዱላው አምጥታችሁ እንግዳው ፊት አውጡት። ሥጋውን በትልልቁ ቁረጡ፣ ካኩን ሰባብራችሁ የሚንጠባጠበውን ስብ አስጠጡት። ደረቁ ዳቦ የሚለሰልሰው በዚህ ነው። ከዚያ ሻይ።

ድንጋዮቹን ውሃ አታስነኩ። ቀስ ብለው ይቀዝቅዙና ደረቅ ቦታ አስቀምጧቸው። ያልፈነዳ ድንጋይ አንዴ ካገኛችሁ ሌላ መፈለግ ምን ያደርጋል?