ለአዛውንት የእንቅልፍ ክኒን ሲታዘዝ መውደቅን እንዴት መከላከል ይቻላል?

እማማ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ወደቁ ሲባል ብዙዎቻችን «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። ምንጣፍ እናነሳለን፣ አምፖል እንቀይራለን። ጥሩ ነው። ግን የመድኃኒት ፌስታላቸውን ማን አየው?

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ክኒን በሙሉ አንድ ቦታ አውጡ። ሐኪም ያዘዘውን ብቻ ሳይሆን ጎረቤት የሰጠውንም፣ ከውጭ በሻንጣ የመጣውንም። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ታይሌኖል ፒኤም ተራ የራስ ምታት ክኒን ይመስላል፤ ውስጡ ግን ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል የሚያስተኛ መድኃኒት አለበት።

ከዚያ የሚያስተኙና የሚያደነዝዙ የእነዚህን መድኃኒቶች ስም ፈልጉ፦ ዳያዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ አልፕራዞላም፣ ዞልፒደም፣ አሚትሪፕቲሊን። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚሰጠው ክሎርፌኒራሚንም ያደነዝዛል። ዳያዜፓምን በተለይ ልብ በሉት። በዕድሜ የገፋ ሰውነት ቶሎ ስለማያስወግደው ማታ የተዋጠው በማግስቱም አይወጣም፣ በየቀኑ ሲወሰድ ደግሞ ይጠራቀማል፤ እኛ ሰውየው ቀን ሲፈዙና ግድግዳ ይዘው ሲሄዱ አይተን ዕድሜያቸውን እንወቅሳለን። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር «ቢርስ» በተባለው ዝርዝሩ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ከዳያዜፓምና ከወገኖቹ (ሎራዜፓም፣ አልፕራዞላምና መሰሎቻቸው) እንዲርቁ የሚመክረው መውደቅና ስብራትን ስለሚያበዙ ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ክኒኑን ነጥቃችሁ አትጣሉ! ለወራት የወሰደ ሰው ድንገት ካቆመ እንቅልፍ ያጣል፣ ይጨነቃል፣ ሰውነቱ እስከ መንዘፍዘፍም ሊደርስ ይችላል። የመድኃኒቶቹን ስም፣ መጠንና ሰዓት ጽፋችሁ ወደ ሐኪማቸው ሂዱ። «ይሄ አሁንም ያስፈልጋቸዋል ወይ? ቀስ በቀስ መቀነስ ይቻላል?» በሉ። ቅነሳው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ደግሞ ከራሳቸው ጋር ተነጋገሩ እንጂ ከጀርባቸው አትወስኑ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የካናዳ ጥናት ስለ ክኒኑ ጉዳትና አቀናነስ የሚያስረዳ ጽሑፍ ከተሰጣቸው አዛውንቶች 27 በመቶው በ6 ወር ውስጥ አቁመዋል፤ ካልተሰጣቸው ግን 5 በመቶው ብቻ። ሰው ሲገባው ያደርገዋል።

እስከዚያው ድረስ አረቄም ጠላም ከክኒኑ ጋር አይሁን። ከአልጋ ሲነሱ እግራቸውን አውርደው ትንሽ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይቁሙ። ሽንት ቤቱ ውጭ ከሆነ ፖፖ አልጋው አጠገብ አኑሩ፣ አያሳፍርም። የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት ማታ የሚወስዱ ከሆነ ወደ ጠዋት ይዞር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ከሰዓት በኋላ ያለውን ቡናም እዩት፤ በቡና የጠፋ እንቅልፍ በክኒን ሲፈለግ ያሳዝናል።

ከወደቁና መቆም ካቃታቸው ወይም ዳሌያቸውን ካመማቸው ጎትታችሁ አታስነሱ፣ አምቡላንስ ጥሩ። ጭንቅላታቸውን ከመታቸው፣ በተለይ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ «ደህና ነኝ» ቢሉም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዷቸው።